ዲስኩ ኔትወርኩን ሲቀድመው፦ የድርጅቶች ስቶሬጅ ኔትወርክ ወዴት እየሄደ ነው?

አንድ የዘመኑ ኤስኤስዲ፣ ማለትም በፍላሽ ቺፕ የሚሠራ ዲስክ፣ በሰከንድ 7 ጊጋባይት ገደማ ዳታ ያነባል። በኔትወርክ ሰዎች አቆጣጠር፣ አንድ ባይት ስምንት ቢት ስለሆነ፣ ይህ 56 ጊጋቢት ነው። በብዙ ድርጅቶች ዳታ ሴንተር ውስጥ ሰርቨርን ከስቶሬጅ (ዲስኮቹ ከተሰበሰቡበት ማከማቻ) ጋር የሚያገናኘው መስመር ግን ዛሬም 16 ወይም 32 ጊጋቢት ፋይበር ቻናል (ለስቶሬጅ የተለየ ኔትወርክ)፣ አለዚያም 10 ወይም 25 ጊጋቢት ኤተርኔት (የተለመደው ኔትወርክ) ነው። አንድ ዲስክ ብቻውን መስመሩን ሞልቶት ይተርፋል። እንዲህ ያሉ ሃያ አራት ዲስኮች የተሰኩበት ስቶሬጅ፣ የዲስኮቹ አቅም ብቻ ሲደመር፣ ከ1,300 ጊጋቢት ያልፋል፤ ከጀርባው ያሉት ፖርቶች ግን ብዙውን ጊዜ በጣት የሚቆጠሩ ናቸው።

የስቶሬጅ ኔትወርክ ነገ ምን ይመስላል የሚለው ክርክር ሁሉ የሚነሳው ከዚህ ነው። ፋይበር ቻናል አለቀለት ወይስ ገና ነው፣ ኤተርኔት ሁሉን ይጠቀልላል ወይስ አይጠቀልልም እየተባለ ብዙ ተጽፏል። የኬብሎቹ ፉክክር ለዓይን የሚታየው ክፍል ነው። እኔን የበለጠ የሚያሳስበኝ ከሥሩ ያለው ለውጥ ነው። ዳታ በመንገድ ላይ እንዳይጠፋና ተራውን ጠብቆ እንዲደርስ ለሃያ ዓመት ኃላፊነቱን የተሸከመው የኔትወርኩ ሃርድዌር ነበር። አሁን ያ ኃላፊነት ቀስ በቀስ ወደ ሶፍትዌርና ወደ ኢንጂነሮች እጅ እየተሻገረ ነው። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ሃርድ ዲስክ ያስለመደን ነገር

መጀመሪያ እያንዳንዱ ሰርቨር የራሱን ዲስክ በጉያው ይዞ ነበር የሚኖረው። የአንዱ ዲስክ ሞልቶ ሲጨናነቅ የሌላው ባዶውን ይቀመጣል። ሰርቨሩ ሲበላሽ ደግሞ ዳታውም አብሮት ይታሰራል። ስለዚህ በ1990ዎቹ ዲስኮቹን ከየሰርቨሩ አውጥቶ አንድ ላይ መሰብሰብና ሁሉም በኔትወርክ እንዲደርስባቸው ማድረግ ተጀመረ። ሳን (የስቶሬጅ ኔትወርክ) የሚባለው ይኸው ነው። ሰርቨሩ ዲስኩ ሌላ ቦታ መሆኑን አያውቅም፤ ይህን ቁጥር ብሎክ፣ ማለትም የዲስክ ቁራጭ፣ አምጣልኝ ይላል፣ ይመጣለታል። ዳታን በፋይል ስም የሚጠይቀው መንገድ፣ ሰን ማይክሮሲስተምስ በ1984 ያወጣው ኤንኤፍኤስ ዓይነቱ፣ ጎን ለጎን ኖሯል። አማዞን በ2006 በኤስ3 አገልግሎቱ ያስፋፋው ኦብጀክት ስቶሬጅም (ዳታን እንደ አንድ ሙሉ ዕቃ በስሙ የሚቀበልና የሚሰጥ) በኋላ ተጨምሯል። ዳታቤዝና ቨርቹዋል ማሽን (በሶፍትዌር የተፈጠረ ሰርቨር) የሚኖሩት ግን በአብዛኛው በብሎክ ላይ ስለሆነ፣ ጭቅጭቁ የሚበረታው እዚያ ነው።

ያኔ ስለ ፍጥነት ብዙ መጨነቅ አያስፈልግም ነበር። በደቂቃ 15,000 ጊዜ የሚዞር ሃርድ ዲስክ አንዱን ዙር ለመጨረስ 4 ሚሊ ሰከንድ ይፈጅበታል። የሚፈለገው ቦታ ከማንበቢያው ሥር እስኪደርስ በአማካይ ግማሽ ዙር፣ ማለትም 2,000 ማይክሮ ሰከንድ መጠበቅ ግድ ነው፤ ማንበቢያው ከቦታ ቦታ የሚንቀሳቀስበት ጊዜ ደግሞ ሌላ ነው። ኬብሎቹን የሚያገናኘው የፋይበር ቻናል ስዊች የሚጨምረው መዘግየት ከጥቂት ማይክሮ ሰከንድ አይበልጥም። ከ2,000 ላይ ጥቂት ቢጨመር ማንም አያስተውለውም።

ኤንቪኤምኢ (ለፍላሽ የተሠራ የዲስክ የንግግር ስልት) የሚጠቀም ኤስኤስዲ ግን አንድ ንባብ በ100 ማይክሮ ሰከንድ ወይም ከዚያ ባነሰ ጊዜ ይጨርሳል። እንግዲህ ስዊቹ፣ ፕሮቶኮሉ፣ የስቶሬጁ ሶፍትዌርና የሰርቨሩ ድራይቨር ተደምረው ሌላ 100 ማይክሮ ሰከንድ ቢወስዱ፣ ለዲስኩ የተከፈለው ገንዘብ እኩሌታ መንገድ ላይ ቀረ ማለት ነው።

ፋይበር ቻናል ለምን ተወደደ?

በ1994 በአሜሪካ የደረጃዎች ተቋም የጸደቀው ፋይበር ቻናል ተወዳጅነቱን ያገኘው ከአንድ ቀላል ሕግ ነው፦ ተቀባዩ ቦታ ከሌለው ላኪው አይልክም። ሁለት ፖርቶች ሲገናኙ አንዱ ለሌላው ለምሳሌ 16 ባዶ ቦታ አለኝ ይለዋል። ላኪው አንድ ፍሬም፣ ማለትም አንድ የዳታ ጥቅል፣ በላከ ቁጥር ከ16 ላይ አንድ ይቀንሳል። ተቀባዩ ፍሬሙን አስተናግዶ ቦታውን ሲያስለቅቅ ምልክት ይልክለታል፤ ቁጥሩም በአንድ ከፍ ይላል። ዜሮ ሲደርስ ላኪው ይቆማል። በመጨናነቅ ብቻ ምክንያት ፍሬም አይጣልም።

የተለመደው ኤተርኔት በተቃራኒው ነው የሚሠራው። ላኪው ይልካል፤ ስዊቹ ከሞላበት የተረፈውን ይጥላል፤ ጠፋ የተባለውን ደግሞ ቲሲፒ የተባለው የኢንተርኔት ፕሮቶኮል እንደገና ያስልካል። ለድረ ገጽ ወይም ለኢሜይል ይህ ምንም አይደለም። ከዲስክ መልስ የሚጠብቅ ዳታቤዝ ግን እያንዳንዱ መዘግየት በቀጥታ ይሰማዋል።

ይሁን እንጂ የፋይበር ቻናል ሕግም ራሱን የቻለ በሽታ አለው። አንድ ያረጀ ሰርቨር የሚደርሰውን ዳታ ቶሎ አላስተናግድ ሲል ባዶ ቦታ መመለሱን ያዘገያል። ስዊቹ ለእሱ የመጡትን ፍሬሞች ይዞ ይቆማል፤ መያዣው ሲሞላ ደግሞ እሱም በተራው ከስቶሬጁ መቀበል ያቆማል። በዚያው መስመር የሚጠቀሙ ምንም ጥፋት የሌለባቸው ሌሎች ሰርቨሮች አብረው ይንቀራፈፋሉ። ችግሩ አስቸጋሪ የሚሆነው ሁሉም ፖርት አረንጓዴ፣ የስህተት ቆጣሪው ሁሉ ዜሮ ሆኖ እያለ ተጠቃሚው ሲስተሙ ከበደ ሲል ነው። እንዲህ ያለውን ሰርቨር ነቅሶ ማውጣት የፖርቶችን የዜሮ ቦታ ቆጣሪ ማንበብ ይጠይቃል። አዳዲሶቹ ስዊቾች ይህን ራሳቸው እየለዩ ማሳወቅ መጀመራቸው ፋይበር ቻናል በቅርብ ዓመታት ካሳያቸው ለውጦች ለእኔ ትልቁ ነው፤ ከፍጥነቱ ዕድገትም አብልጬ አየዋለሁ።

ኤተርኔት ሁለት ጊዜ መጥቶ ነበር

በ2004 አይስካዚ ደረጃው ወጣለት። የዲስክ ትእዛዝን በተራ ኤተርኔትና በቲሲፒ ላይ መላክ ተቻለ። ርካሽ ነበር፣ ለመማርም ቀላል ነበር፤ በመካከለኛ ድርጅቶች ዘንድ ቤቱን ሠራ። ትልልቆቹ ግን ዋናውን ዳታቤዛቸውን አላወጡለትም።

በ2009 የመጣው ኤፍሲኦኢ ደግሞ ፋይበር ቻናልን እንዳለ ኤተርኔት ውስጥ ጠቅልሎ ለመላክ የታሰበ ነበር። ከየሰርቨሩ ጀርባ የሚወጣው የኬብል ብዛት በግማሽ ይቀንሳል ተባለ፤ ሐሳቡም እውነት ነበረው። ግን ፓኬት (የዳታ ጥቅል) የማይጥል ኤተርኔት ያስፈልገው ነበር። ለዚህ የሚሆን ስዊች መግዛት፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ አንድ ዓይነት ማስተካከያ ማድረግና የኔትወርክ ቡድኑንና የስቶሬጅ ቡድኑን በአንድ መሣሪያ ላይ ማስማማት ግድ ሆነ። በጥቂት የሰርቨር አምራቾች ምርት ውስጥ ከመቅረቱ በቀር አልተስፋፋም። የስቶሬጁ ሰው ለውጥ የሚያደርገው በዓመት አንድ ሁለቴ ነው፤ የኔትወርኩ ሰው በየሳምንቱ ነው። የኤፍሲኦኢ ውድቀት ብዙውን ጊዜ በቴክኒክ ይተረጎማል፤ እኔ ግን ከቴክኒኩ ይልቅ ይህ የሥራ ልማድ ልዩነት የጎዳው ይመስለኛል። ዛሬም ያው ጥያቄ ተመልሶ መጥቷል።

የሰልፉ ነገር

ዛሬ ያለው ለውጥ የተለየ የሚያደርገው ኬብሉን ብቻ ሳይሆን የዲስኩን የንግግር ስልት የቀየረ መሆኑ ነው። ለሃርድ ዲስክ የተሠራው ኤኤችሲአይ የተባለው ስልት አንድ ሰልፍ ብቻ ነበረው፤ በሰልፉ ውስጥም 32 ትእዛዞች። ዲስኩ በአንድ ጊዜ የሚያነበው አንድ ቦታ ስለሆነ ይህ በቂ ነበር። ፍላሽ ግን ብዙ ቺፖችን ባንድ ላይ ማሠራት ይችላል። በ2011 የወጣው ኤንቪኤምኢ እስከ 65,535 ሰልፎችን፣ በየሰልፉም እስከ 65,536 ትእዛዞችን ፈቀደ። እያንዳንዱ የፕሮሰሰር ኮር የራሱን ሰልፍ ይይዛል፤ አንዱ ሌላውን መጠበቅ አይኖርበትም።

ይህ አሠራር በ2016 ከሰርቨሩ ሳጥን ወጥቶ በኔትወርክ ላይ እንዲሄድ ደረጃ ተበጀለት፤ ሦስት መንገዶችም ተከፈቱለት።

የመጀመሪያው በዚያው በፋይበር ቻናል ላይ መሄድ ነው። 32 ጊጋቢት ስዊችና ካርድ ላለው ድርጅት ይህ በአብዛኛው የሶፍትዌር ጉዳይ ነው፤ የድሮው የዲስክ ቋንቋ የስካዚ ትእዛዝና አዲሱ ኤንቪኤምኢ በአንድ ኬብል ጎን ለጎን ይሄዳሉ። ያለውን ይዞ መሻሻል ለሚፈልግ ሁሉ ቀላሉ መንገድ ይህ ነው።

ሁለተኛው አርዲኤምኤ ነው። አንዱ ማሽን የሌላውን ሜሞሪ፣ ፕሮሰሰሩን ሳያስቸግር፣ በቀጥታ የሚያነብበትና የሚጽፍበት ስልት ነው። ኢንፊኒባንድ በተባለ ለከፍተኛ ፍጥነት የተሠራ ኔትወርክ ላይ ይሠራል፤ ሮኪ በተባለው አሠራር ደግሞ በኤተርኔት ላይ። ፍጥነቱ የሚያስደስት ነው። ነገር ግን ሮኪ ፓኬት ሲጠፋ ክፉኛ ይጎዳል፤ ስለዚህ ስዊቹ ሊሞላ ሲል ላኪውን ቁም እንዲል ይዘጋጃል። ይህ ማስተካከያ በአንድ ስዊች ላይ ቢሳሳት የቁም ትእዛዙ ከስዊች ወደ ስዊች እየተዛመተ ሰፊ የኔትወርክ ክፍል ሊያቆም ይችላል። የፋይበር ቻናሉ በሽታ እዚህም በሌላ ስም ይገኛል ማለት ነው።

ሦስተኛው በኅዳር 2018 የጸደቀው በቲሲፒ ላይ የሚሄደው ኤንቪኤምኢ ነው። ልዩ ካርድ አያስፈልገውም፤ ልዩ ስዊችም አይፈልግም። ከ2019 ጀምሮ በሊኑክስ ከርነል ውስጥ አለ፤ በ2021 ደግሞ የቪኤምዌር የቨርቹዋል ማሽን መድረክ ቪስፊር ተቀበለው። ከአርዲኤምኤ ጋር ሲነጻጸር ጥቂት አሥር ማይክሮ ሰከንዶች ይጨምራል፣ የሰርቨሩንም ፕሮሰሰር ይበላል። ለአብዛኛው የድርጅት ሥራ፣ ለዳታቤዝም ሆነ ለቨርቹዋል ማሽን፣ ይህ ተጨማሪ መዘግየት የሚከብድ አይደለም። የአይስካዚን ቦታ የሚወርሰው ይህ ነው ብዬ አምናለሁ፤ አዲስ ዳታ ሴንተር ከባዶ የሚገነባ ድርጅትም መጀመሪያ ሊያየው የሚገባው ይህንን ነው።

እና ፋይበር ቻናል?

ቶሎ አይጠፋም። የ64 ጊጋቢት ምርቱ ሥራ ላይ ነው፤ 128 ጊጋቢቱም ይከተለዋል። አዲሱ ፖርት ከእሱ በፊት ከነበሩት ሁለት ትውልዶች ጋር መነጋገሩ ለባለቤቱ ትልቅ እረፍት ነው፤ ስዊቹን ዛሬ፣ ሰርቨሩን ከሦስት ዓመት በኋላ መቀየር ይችላል። ሜይንፍሬምም (ትልቁ የድርጅት ኮምፒውተር) የሚያርፈው በዚሁ ላይ ነው። ሥራውን በጸጥታ የሚሠራ ሳን ላለው ድርጅት ስታንዳርዱ ተቀየረ ብሎ ነቅሎ መጣል ከንቱ ወጪ ነው።

የሚያሰጋው ሌላ ነገር ነው። የፋይበር ቻናል ስዊች የሚሠሩት ዋና ድርጅቶች ሁለት ብቻ ቀርተዋል፦ በ2017 ብሮኬድን የጠቀለለው ብሮድኮም፣ እና ሲስኮ። ገዢው ዋጋ ለመከራከር የሚያስችለው ሜዳ ጠባብ ነው። ኤተርኔት ግን የዓለም ትልልቅ ክላውድ ኩባንያዎች ገንዘብ እየፈሰሰበት ይሮጣል፦ በ2002 10 ጊጋቢት የነበረው፣ በ2010 100፣ በ2017 400፣ በ2024 ደግሞ 800 ጊጋቢት ደርሷል። አዲስ የሚመረቁ ኢንጂነሮችም ኤተርኔትን ተምረው ነው የሚመጡት። ዞኒንግን (የትኛው ሰርቨር የትኛውን ስቶሬጅ እንደሚያይ የሚወሰንበትን) የሚያውቅ፣ አሥራ ስድስት አኃዝ ያለውን የፖርት አድራሻ አይቶ የየትኛው ሰርቨር እንደሆነ የሚናገር ሰው ጡረታ ሲወጣ ተተኪ ማግኘት እየከበደ ነው። የፋይበር ቻናልን ዕድሜ የሚያሳጥረው ነገር ካለ የፍጥነት ማነስ ሳይሆን ይህ የባለሙያ እጥረት ይሆናል።

ስቶሬጁ ራሱ ሲበተን

አንዳንዱ ድርጅት ደግሞ የሳኑን ጥያቄ ከነጭራሹ ትቶታል። ዲስኮቹን መልሶ ወደ ሰርቨሮቹ ከትቷል፤ እንደ ሴፍ ወይም በ2014 እንደወጣው የቪኤምዌር ቪሳን ያለ ሶፍትዌር ደግሞ ሁሉንም እንደ አንድ ስቶሬጅ ያሳያቸዋል። ዳታው በሁለት ወይም በሦስት ሰርቨሮች ላይ ስለሚባዛ አንዱ ቢወድቅ ሥራ አይቆምም። እዚህ ላይ የስቶሬጅ ኔትወርክ የለም የሚል ሰው አለ፤ ትክክል አይደለም። አንድ ጽሕፈት ሦስት ቦታ ሲባዛ በሰርቨሮቹ መካከል ያለው ትራፊክ ይጨምራል። አንድ ሰርቨር ወድቆ ዳታው እንደገና ሲገነባ ደግሞ ኔትወርኩ ለሰዓታት ሊጨናነቅ ይችላል። ብሮድኮም በኅዳር 2023 ቪኤምዌርን ከገዛና የፈቃድ አሸጣጡን ከቀየረ ወዲህ ብዙ ድርጅቶች መድረካቸውን እያጤኑ ነው። ስቶሬጁ ከቨርቹዋል ማሽኑ ሶፍትዌር ጋር ተጣብቆ ከሆነ፣ አንዱን መተው ሌላውንም መተው እንደሆነ እያዩት ነው።

የሰው ሠራሽ አስተውሎት ማሽኖች ያመጡት ፍላጎት ደግሞ ሌላ ነው። ውድ ጂፒዩ (የእነዚህን ማሽኖች ስሌት የሚሠራው ቺፕ) ዳታ እየጠበቀ ሥራ ሲፈታ ኪሳራው ከባድ ስለሆነ፣ ኢንፊኒባንድና ሮኪ እዚያ ቦታ አላቸው። ኢንቪዲያ በ2020 የኢንፊኒባንድ መሣሪያ አምራቹን ሜላኖክስን በ7 ቢሊዮን ዶላር ገደማ መግዛቱን ያጠናቀቀው ለዚህ ነው። በ2023 የተመሠረተው ኡልትራ ኤተርኔት ኮንሶርቲየምም፣ ኤተርኔት ፓኬት ሲጠፋ እንዳይንገዳገድና ትራፊኩን በብዙ መንገድ እንዲበትን የሚያደርግ የመጀመሪያ ስፔሲፊኬሽኑን በሰኔ 2025 አውጥቷል። ከዚያ የሚገኘው ጥቅም ከጊዜ በኋላ ወደ ተራው ዳታ ሴንተር መውረዱ አይቀርም። ዛሬ አንድም ጂፒዩ የሌለው ድርጅት ግን ለሮኪ ኔትወርክ መክፈሉ ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ነው።

ዲፒዩ የሚባሉትን ካርዶችም መከታተል ይጠቅማል። የራሳቸው ፕሮሰሰር ያላቸው የኔትወርክ ካርዶች ናቸው፤ ሩቅ ያለውን ስቶሬጅ ለሰርቨሩ ልክ እዚያው እንደተሰካ ኤንቪኤምኢ ዲስክ አድርገው ያሳዩታል። ምስጠራውንና የቲሲፒውን ሥራም ከዋናው ፕሮሰሰር ላይ ያነሱለታል። አማዞን ከ2017 ጀምሮ ኒትሮ በተባለው አሠራሩ ይህን በሰፊው ሲጠቀምበት ቆይቷል። በድርጅቶች ቤት ግን ገና ጅምር ነው።

በፍጥነት የማይፈታው

ርቀት ግን እንደነበረ ነው። ብርሃን በፋይበር ውስጥ አንድ ኪሎ ሜትር ለመሄድ 5 ማይክሮ ሰከንድ ገደማ ይወስድበታል። ዳታውን በ100 ኪሎ ሜትር ርቀት ላይ ባለ ሁለተኛ ማዕከል በአንድ ጊዜ የሚጽፍ ድርጅት፣ እያንዳንዱ ጽሕፈት ደርሶ መልሱ እስኪመጣ 1 ሚሊ ሰከንድ ይጠብቃል። ከሃርድ ዲስኩ ግማሽ ዙር ጋር ሲተያይ ግማሹ ብቻ ስለሆነ ያኔ እንታገሠው ነበር። ከኤስኤስዲው 100 ማይክሮ ሰከንድ ጋር ሲተያይ ግን አሥር እጥፍ ነው። የትኛውም ፕሮቶኮል ይህን አይቀንሰውም። የትኛው ዳታ በሁለቱም ቦታ ወዲያው መጻፍ እንዳለበት፣ የትኛው ጥቂት ሰከንድ ዘግይቶ ቢከተል እንደሚበቃ የድርጅቱ ኃላፊዎች ራሳቸው መወሰን አለባቸው።

የደኅንነቱ ጉዳይም መታየት አለበት። ፋይበር ቻናል ለብቻው ተነጥሎ በመኖሩ ብቻ ከብዙ ጥቃት ይተርፋል። ስቶሬጅ ወደ ኤተርኔት ሲመጣ ግን የማረጋገጫ ቁልፍና ቲኤልኤስ የተባለው ምስጠራ ከመጀመሪያው ቀን መታሰብ አለባቸው።

ከሁሉ በላይ ደግሞ ያ የሁለቱ ቡድኖች ጉዳይ አለ። የኔትወርክ ቡድኑ ሌሊት የአንድ ስዊች ሶፍትዌር አድሶ ሪስታርት ያደርጋል እንበል። ድረ ገጹ ጥቂት ደቂቃ ቢንገዳገድም ይመለሳል። የአንድ ሰርቨር ሁለቱም የስቶሬጅ መንገዶች በዚያው ስዊች ያልፉ ከነበረ ግን፣ ሊኑክስ ለአንድ የዲስክ ትእዛዝ በተለምዶ የሚታገሠው 30 ሰከንድ ያልቃል፣ የዲስክ ስህተት ይመዘገባል፣ የፋይል ሲስተሙም ራሱን ለመጠበቅ ጽሕፈት መቀበል ያቆማል። ስዊቹ ከተመለሰ በኋላም ዳታቤዙ ወድቆ ይቆያል። በፋይበር ቻናል ዘመን ይህ እምብዛም የማይደርሰው ፈጽሞ የማይገናኙ ሁለት ኔትወርኮች ግራና ቀኝ ስለሚዘረጉ ነው። ወደ ኤተርኔት የሚሻገር ድርጅት ይህን ልማድ ይዞት ቢሻገር ይበጀዋል፤ ለስቶሬጅ ብቻ የተለዩ ሁለት ስዊቾች፣ በመካከላቸው አንድም ኬብል ሳይኖር። ወጪው ይታያል፤ እንዲህ ያለ አንድ ሌሊት ከሚያስከፍለው ግን ያንሳል።

ከመግዛት በፊት የሚደረገው ሙከራም ከዚህ መነሳት አለበት። የሻጩ ወረቀት አማካዩን መዘግየት ያሳያል፤ ተጠቃሚውን የሚያናድደው ግን ከሺህ አንዱ ትእዛዝ ነው፤ ስለዚህ የሚለካው እሱ ይሁን። ሲስተሙ በሙሉ ጭነት ላይ እያለ አንዱን ኬብል ነቅሎ ሌላው መንገድ ሥራውን ለመረከብ ስንት ሰከንድ እንደፈጀበት ማየት፣ ከዚያ አንዱን ስዊች ማጥፋት፣ ቀጥሎም አንድ ሰርቨር ሆን ብሎ ማንቀራፈፍና ሌሎቹ መጎዳት አለመጎዳታቸውን መከታተል ያስፈልጋል። ይህን ሲያደርጉ የኔትወርኩም የስቶሬጁም ሰዎች አንድ ስክሪን ፊት ይቀመጡ፤ ሌሊት ስልክ ሲጠራ ማን እንደሚያነሳም እዚያው ይወስኑ።